የጫማ ካርቶን፣ ፌጦና ባለቀለም ላስቲክ፦ የብርሃን ቀለም የቡቃያን ጂን እንዴት እንደሚያዝዝ በዓይን ማየት

እናቴ ብቅል ስታበቅል የራሰውን ገብስ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ከቀናት በኋላ ስትገልጠው ሥሩ ነጭ፣ ቡቃያው ሐመር ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ከጥቅሉ አምልጣ ደጅ የወደቀች ፍሬ ግን አረንጓዴ ቅጠል ታወጣለች። ያው ገብስ፣ ያው ውኃ። "ለምን?" ብዬ ስጠይቃት "ያቺኛዋ ፀሐይ አይታ ነዋ!" አለችኝ።

መልሷ ትክክል ነው። ዘር ፀሐይን ሲያይ ግን ውስጡ ምን እንደሚሆን የገባኝ ቆይቶ፣ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ቡቃያ ብርሃን መኖሩን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ቀለሙንም ይለያል። ቀይ ሲያይ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ሰማያዊ ሲያይ ሌላ። ይህን የሚያደርገው የትኛው ጂን እንዲነበብ፣ የትኛው ተዘግቶ እንዲቆይ በመወሰን ነው።

ለዚህ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በጫማ ካርቶንና ከገበያ በተገዛ ፌጦ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። መምህር ከሆናችሁ ለክፍላችሁ፣ ተማሪ ከሆናችሁ ለፕሮጀክታችሁ፣ ችግኝ የምታፈሉ ከሆናችሁ ደግሞ ለመደባችሁ ይጠቅማል። ሙሉ ሥራው ከአንድ ሳምንት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ ውስጥ ውስጡን ምን ይካሄዳል?

የቡቃያው እያንዳንዱ ህዋስ ሙሉውን የጂን ስብስብ ይዟል። ተመራማሪዎች ብዙ ያጠኑት አራቢዶፕሲስ የሚባል ትንሽ ተክል አለ፤ ከጎመን ዘርና ከፌጦ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሙሉ ዲ ኤን ኤው እ.ኤ.አ. በ2000 ተነቦ አልቋል። ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖቹ ብቻ 27,000 ገደማ ናቸው። ታዲያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነበቡም።

የገዳም ዕቃ ቤትን አስቡ። ዋናው ብራና ከዚያ አይወጣም። የሚፈለገው ገጽ ይገለበጥና ቅጂው ይወጣል፤ ሥራው የሚሠራው በቅጂው ነው። ዲ ኤን ኤ ዋናው ብራና ነው። የሚቀመጠውም በህዋሱ እምብርት፣ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ጂን አንዱ ገጽ ነው። አር ኤን ኤ ቅጂው ነው። ከቅጂው የሚሠራው ፕሮቲን ነው። "ጂን ተገለጠ" ወይም "በራ" ስንል ያ ገጽ በብዛት እየተገለበጠ ነው ማለታችን ነው። ቡቃያ ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ላይ ለውጥ ይመጣል። አንዳንዱ ይገለጣል፣ አንዳንዱ ይዘጋል።

ትእዛዙን የሚያደርሱት ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። ለእኛ ሥራ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ፋይቶክሮም ነው። ሁለት መልክ አለው። አንዱ መልክ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ቀይ ብርሃን ይውጣል፤ ሲውጥ ወደ ሌላኛው፣ ወደ ንቁው መልክ ይገለበጣል። ንቁው መልክ ደግሞ 730 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን "ሩቅ ቀይ" ሲውጥ ተመልሶ ይተኛል። ሩቅ ቀይ ለዓይናችን የማይታይ ያህል ነው። ይህ መገለባበጥ መጀመሪያ የታየው በሰላጣ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል ውስጥ ቦርትዊክ፣ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው ዘሩን ቀይ ሲያበሩበት በቀለ። ወዲያው ሩቅ ቀይ ሲያስከትሉበት እምቢ አለ። እንደገና ቀይ ሲያበሩበት በቀለ። ደጋግመው ቢቀያይሩትም ዘሩ የሚሰማው የመጨረሻውን ብርሃን ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪ ስነግር እስከ ዛሬ ልቤ ሞቅ ይላል።

ንቁው ፋይቶክሮም ወደ ኒውክለስ ይገባል። እዚያ ፒፍ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያገኛል። ፒፎች የጨለማው ዘበኞች ናቸው። እነሱ ባሉበት ግንዱን የሚያስረዝሙት ጂኖች ክፍት፣ ቅጠል የሚያሰፉትና አረንጓዴ የሚያደርጉት ዝግ ናቸው። ፋይቶክሮም ሲደርስባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳሉ። በሩ ይከፈታል።

ሁለተኛው ክሪፕቶክሮም ነው። እሱ ሰማያዊን ያያል። የመጀመሪያው የክሪፕቶክሮም ጂን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ጨለማ ውስጥ ኮፕ 1 የሚባል ፕሮቲን ኤች ዋይ 5 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን፣ እንደሚቆረጥ ዛፍ፣ ምልክት እያደረገ ያስወግደዋል። ሰማያዊ ብርሃን ሲመጣ ክሪፕቶክሮም ኮፕ 1ን እጁን ይይዘዋል። ኤች ዋይ 5 ይተርፋል፣ ይጠራቀማል፣ ዲ ኤን ኤው ላይ ተቀምጦ የብርሃን ጂኖችን ያስገለብጣል። ፋይቶክሮምም ኮፕ 1ን ያግደዋል። ስለዚህ የቀዩና የሰማያዊው መንገድ ውስጥ ገብተው ይገናኛሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ውጤቱን ስናነብ እንመለስበታለን።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ሰብስቡ

ዋናው ፌጦ ነው። በሦስት ምክንያት መረጥኩት። ከአራቢዶፕሲስ ጋር ዝምድና ስላለው በላቦራቶሪ የታወቀው በእሱም ላይ በደንብ ይሠራል። ውኃ ባገኘ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይበቅላል። ደግሞ የትም ገበያ አለ። ቅዳሜ ገበያ ስገዛ ሻጯ እናት ፊቴን አይተው "ምነው ልጄ፣ ምን አመመህ?" አሉኝ። ለሆድ ቁርጠት መስሏቸው ነው። አንድ ስኒ ከበቂ በላይ ነው። የዚህ ዓመቱን ጠይቁ፤ የቆየ ዘር አበቃቀሉ ያልተስተካከለ ነው።

ጤፍ ይሻላል የሚል ይኖራል፤ ጎጃም ሆነን ጤፍ ትተን እንዴት ፌጦ? ጤፍ እንደ ሣር ነው የሚበቅለው፣ ቡቃያውም ክር ያህል ቀጭን ነው። የሚለካው የግንድ ክፍል ለጀማሪ ግልጽ አይደለም። በፌጦ ጀምሩ።

ከዚያ ስድስት የጫማ ካርቶን፣ ስድስት የብርጭቆ ማሰሮ ክዳን፣ ጥጥ፣ ጥቁር ፕላስተር፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ አንድ አሮጌ ሲዲ፣ 9 ወይም 12 ዋት ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ፣ ኮባ ቅጠል። ኮባ ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል።

ደረጃ 2፦ ሳጥኖቹን አዘጋጁ

ከስድስቱ አንዱ ጨለማ ነው። እሱን አትቁረጡት፤ ጠርዙን ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ዝጉት። የቀሩትን አምስት ክዳናቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል መስኮት ቁረጡ። አንዱን በነጭ ወረቀት፣ አንዱን በቀይ ላስቲክ፣ አንዱን በሰማያዊ ላስቲክ ሸፍኑ። እነዚህ ሦስቱ ከኤል ኢ ዲው ሥር ይቀመጣሉ። አምስተኛውን በኮባ ቅጠል፣ ስድስተኛውን በተደራረበ ነጭ ወረቀት ሸፍኑና ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮት አጠገብ አድርጉ። ቀጥተኛ ፀሐይ አይምታቸው፤ ይጋገራሉ።

ላስቲኩን ሳትፈትሹ ግን ወደ ሌላ አትለፉ። የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ሰማያዊውና ቀዩ ሳጥን ውስጥ የበቀለው ፌጦ መንታ መሰለ። አንድ ሳምንት የጠበቁ ተማሪዎች አዘኑ፣ እኔም አዘንኩ። ጥፋቱ የላስቲኩ ነበር። ሰማያዊ ይመስላል እንጂ ቀዩን ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ፋይቶክሮም ደግሞ ትንሽ ቀይ ይበቃዋል።

አፈታተሹ ይኼ ነው። ማታ ክፍሉን አጨልሙና አምፖሉን ብቻ አብሩ። ሲዲውን በሚያብረቀርቀው ፊቱ ያዙት። የአምፖሉ ነጸብራቅ ቀስተ ደመና ሆኖ ይዘረጋል። አሁን ላስቲኩን በዓይናችሁና በሲዲው መካከል ያዙ። ቀዩ ላስቲክ ጥሩ ከሆነ ሰማያዊውና አረንጓዴው ይጠፋሉ፤ ቀይና ትንሽ ብርቱካናማ ይቀራል። በሰማያዊው ስታዩ ቀዩ ጫፍ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ አንድ ድርብ ጨምሩ፤ አሁንም ካልጠፋ ሌላ ጨምሩ። እኔ አራት ድርብ ድረስ የሄድኩበት ጊዜ አለ።

ሲዲ ሩቅ ቀይን አያሳያችሁም፤ ዓይን አያየውምና። ላስቲክ ደግሞ በጠቅላላው ሩቅ ቀይን አያግድም። ለቀዩና ለሰማያዊው ሳጥን ፀሐይን ትተን ነጭ ኤል ኢ ዲ የመረጥነው ለዚህ ነው። ኤል ኢ ዲ ሩቅ ቀይ የለውም ማለት ይቻላል። የድሮው፣ ክሩ የሚግለው አምፖል ግን በሩቅ ቀይ የተሞላ ነው፤ እሱን አትጠቀሙ።

ቀይና ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ሪባን ካገኛችሁ ላስቲኩን ተዉት። ለሠርግ አዳራሽ ማስጌጫ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ቀለሙ ጠባብና ንጹሕ ስለሆነ በጣም ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ድምቀቱን አመጣጥኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው ላስቲክ በተደራረበ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል። የደከመ ብርሃን ራሱ ቡቃያን ያስረዝማል። ስለዚህ ውጤቱን ያመጣው ቀለሙ ነው ወይስ ድንግዝግዙ? መለየት አትችሉም።

የስልክ ብርሃን መለኪያ አፕ ይረዳል የሚል አለ። ተጠንቀቁ። እሱ የሚለካው ለሰው ዓይን ነው። የሰው ዓይን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊና ጥልቅ ቀይ ላይ ይደክማል። ተክል እንደዚያ አያይም። ለወረቀትና ለወረቀት ማወዳደሪያ ብቻ ተጠቀሙበት።

እኔ የማደርገው ቀላል ነገር ነው። ሰማያዊውን ለአምፖሉ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ አስጠጋዋለሁ፣ ቀዩን 30 ላይ፣ ነጩን ወረቀት ደርቤበት 40 ላይ አስቀምጣለሁ። ፍጹም አይደለም። ግን ሰማያዊው "ስለደከመ ነው" የሚለውን ክርክር ይቀንሳል።

የኮባውና የወረቀቱ ሳጥን ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥብኛል። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ለራሱ ይበላል። ሩቅ ቀዩን ግን ብዙውን ያሳልፋል። ስለዚህ ከቅጠል ሥር ያለው ጥላ ቀለም ያለው ጥላ ነው። ወረቀት ደግሞ ሁሉንም ቀለም እኩል ይቀንሳል። ወረቀቱን ደራርባችሁ፣ በዓይን ሲታይ ድንግዝግዙ ከኮባው ጋር እስኪመሳሰል አድርሱት። አሁን በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት የቀለም ነው። ኮባው ስለሚጠወልግ በየቀኑ ቀይሩት።

ደረጃ 4፦ ዝሩ

ጥጡን አርሱና ክዳኖቹ ላይ እኩል አንጥፉ። ፌጦውን ቀድማችሁ አትንከሩት። ውኃ ሲነካው በሙጫ ይለበጣል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ደረቁን፣ በየክዳኑ 30 ፍሬ፣ አራርቃችሁ ዝሩ። መጠጋጋት ራሱ ጥላ ነው።

የመጀመሪያውን አንድ ቀን ስድስቱም በጨለማ ይሁኑ። እኩል ይነሳሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ወደ ቦታው። መብራት ከጠፋ ሰዓቱን መዝግቡ፤ ሦስቱም የኤል ኢ ዲ ሳጥኖች እኩል ስለሚያጡ ውድድሩ አይበላሽም። ከፍታም ልዩነት ያመጣል። 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ቶሎ የሚበቅለው ፌጦ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ቀኑን ሳይሆን ቡቃያውን ተከተሉ።

ደረጃ 5፦ ጨለማውን ጠብቁ

የጨለማውን ሳጥን "እስቲ አንዴ ልየው" ብሎ መክፈት ሥራውን ያበላሻል። ጨለማ ውስጥ ያደገ ቡቃያ በብዛት የሚያጠራቅመው የፋይቶክሮም ዓይነት፣ ፋይቶክሮም ኤ፣ እጅግ ስሜታዊ ነው። የአፍታ ብልጭታ ይበቃዋል። መጀመሪያ ሲዘራ በቂ ውኃ ስጡትና እስከ መጨረሻው አትንኩት። የግድ ከሆነ ሌሊት፣ የስልክ መብራት በብዙ ድርብ አረንጓዴ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ለደካማ አረንጓዴ ቡቃያ ብዙም አይነቃም።

ደረጃ 6፦ አምስተኛው ቀን፣ ክፈቱ

ስድስቱን ክዳን ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሩ። የጨለማው መጀመሪያ ዓይን ይስባል። ግንዱ ረዥም፣ ነጭ፣ ሊሰበር የደረሰ ነው። ጫፉ ላይ አንገቱን እንደ መንጠቆ አጉብጧል። ሁለቱ ቅጠሎቹ ተጣጥፈው፣ ትንሽዬ፣ የእንቁላል አስኳል ቢጫ ናቸው። አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ይሄኛው ታሞ ነው?" አለችኝ። አልታመመም። አፈር ውስጥ ያለ መስሎታል። ፒፎች በቦታቸው ናቸው፣ ኮፕ 1 ሥራ ላይ ነው። ስንቁን ሁሉ ወደ ላይ ለመውጣት አውሎታል። አንገቱን ያጎበጠው ለስላሳውን ጫፍ ድንጋይና ጓል እንዳይልጠው ነው። ቅጠል ማስፋት እዚያ ውስጥ ኪሳራ ነው።

ነጩ ሳጥን አጭር ግንድ፣ የተዘረጋ ቅጠል፣ ጥሩ አረንጓዴ ነው። ቀዩ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይውላል። ቅጠሉ ተዘርግቶ አረንጓዴ ሆኗል፤ ግንዱ ግን ከነጩ ይረዝማል። የሰማያዊው ድንክ፣ ጠንካራ ነው። ክሪፕቶክሮም በብርቱ ስለሚሠራ ነው። ነጩ ሁለቱንም ቀለም ስላገኘ ሁለቱም መንገድ ተከፍቶለታል።

የኮባውንና የወረቀቱን ደግሞ ለብቻ አስጠጉ። ሁለቱም ድንግዝግዝ ውስጥ ነበሩ። የኮባው ግን ይበልጥ ዘለግ ይላል፣ ቅጠሉ አነስ፣ ቀለሙ ገርጣ ይላል። ፋይቶክሮሙ በሩቅ ቀይ ተመልሶ ስለተኛ ፒፎች በከፊል ተርፈዋል፤ የማስረዘሚያ ጂኖች እንደገና ተገልጠዋል። ቡቃያው "ከላዬ ጎረቤት አለ፣ ካልቀደምኩት ይበላኛል" ብሎ ነው የሚረዝመው።

ለኩ። ከየክዳኑ 20 ቡቃያ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ። ነጩ ሥር ከሚያበቃበት እስከ ሁለቱ ቅጠሎች መነሻ ያለውን በሚሊ ሜትር ለኩ። ደምሩ፣ ለ20 አካፍሉ። የተሰበረውንም ያልበቀለውንም በጎን ጻፉ። ረዥሙን መርጦ መለካት ያጓጓል፤ ከአንድ ዳር ጀምሮ በተራ መውሰድ ያድናል።

ደረጃ 7፦ ጂኑ የሠራውን ቀለም አውጡ

ከእያንዳንዱ ሳጥን የአሥር ቡቃያ ቅጠል በትንሽ ሙቀጫ ውቀጡ። አንድ ማንኪያ የፋርማሲ አልኮል ጨምሩ፣ በትንሽ ብርጭቆ ገልብጡ፣ ክደኑ። ብርጭቆውን ሙቅ ውኃ የያዘ ሳህን ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። እሳት አጠገብ አይሁን፤ አልኮል ነው፣ ይቀጣጠላል። ልጆች ከሆኑ የሚሠሩት አዋቂ ይኑር።

ብርጭቆዎቹን ነጭ ወረቀት ፊት ስታሰልፉ የነጩ፣ የቀዩና የሰማያዊው አረንጓዴ ይሆናሉ። የጨለማው ቢጫ ብቻ ነው። ያ ቢጫ ካሮት ውስጥ ያለው ዓይነት ቀለም ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ድሮም ነበር። ክሎሮፊል ግን አልተሠራም። አበባ በሚያብቡ ተክሎች ክሎሮፊል ለመሥራት ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አንዱ ራሱ ብርሃን ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ክሎሮፊሉን የሚሸከሙት ፕሮቲኖች ጂን ጨለማ ውስጥ እምብዛም አይገለበጥም።

ጎመን ዘር ካላችሁ አንድ ክዳን ጨምሩ። አንዳንዱ ዓይነት ግንዱ በብርሃን ወይን ጠጅ ይለብሳል። ግንዱን ብቻ በሎሚ ውኃ ስትወቅጡት ወደ ሮዝ የሚያደላ ውኃ ይወጣል። ያን ቀለም የሚያስጀምር ጂን ኤች ዋይ 5 ከሚቀሰቅሳቸው አንዱ ነው። ከጨለማው ሳጥን ግንድ ይህ ቀለም አይወጣም።

የምወደው ግን ቀጣዩ ነው። የተረፈውን የጨለማ ቡቃያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ብርሃን ውስጥ አውጡና በየሰዓቱ ፎቶ አንሱት። መንጠቆው ቀስ ብሎ ይቀናል። ቅጠሎቹ ይላቀቃሉ። ቢጫው ላይ አረንጓዴ መጀመሪያ ሲጣልበት "አየሁት" ለማለት ያስቸግራል፤ ወደ ማታ ግን ማንም አይክደውም። ያ ሁሉ ከሰዓታት በፊት በተገለበጡ ገጾች የመጣ ነው።

አንድ ነገር ላርም። ቡቃያ የሚያደርገው ሁሉ የጂን ሥራ አይደለም። ካርቶን ጎን ላይ ቀዳዳ ብታበጁና በሰማያዊ ብርሃን ብታሳዩት ፌጦው ወደዚያው ያጎነብሳል፤ በቀይ አያጎነብስም። ይህን የሚያስጀምረው ሌላ ተቀባይ፣ ፎቶትሮፒን ነው። ሰማያዊ ሲነካው የግንዱ ዕድገት በደቂቃ ውስጥ ይቀንሳል። ገጽ ገልብጦ ፕሮቲን ለመሥራት ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው። የጂን ለውጥ ከኋላ ይከተላል።

ደረጃ 8፦ ላቦራቶሪ ለምታገኙ

ቁመትና ቀለም የጂኑ ውጤት እንጂ ጂኑ ራሱ አይደለም። በቀጥታ ለመለካት ቅጂውን፣ አር ኤን ኤውን መቁጠር ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች አካሄዱን ብታውቁት ይበጃችኋል።

ጨለማ ውስጥ ያደገ ቡቃያ ትወስዳላችሁ። አንዱን ክፍል እዚያው ትተዋላችሁ፤ ሌላውን ለአንድ ሰዓት ቀይ፣ ሌላውን ለአንድ ሰዓት ሰማያዊ ታበሩበታላችሁ። በደካማ አረንጓዴ ብርሃን ቆርጣችሁ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ታቀዘቅዙታላችሁ። ወዲያው ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ አር ኤን ኤ ቶሎ ይበላሻል፣ ቆረጣውም ራሱ ጂን ይቀሰቅሳል። አር ኤን ኤው ይወጣል፣ ወደ ዲ ኤን ኤ ቅጂ ይገለበጣል፣ በፒ ሲ አር ማሽን ይቆጠራል። ማሽኑ በየዙሩ ቅጂውን እጥፍ ያደርጋል። የአንዱ ናሙና ምልክት ከሌላው በ3 ዙር ቀድሞ ከታየ መጀመሪያ ላይ 8 እጥፍ ቅጂ ነበረው ማለት ነው። 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2። ሁልጊዜ በብርሃን የማይለወጥ ጂን ለማመሳከሪያ አብራችሁ ለኩ፤ አክቲን የተለመደ ነው። ናሙና ከሦስት የተለያየ ክዳን ይሁን። ከአንድ ክዳን ሦስቴ መለካት ሦስት ናሙና አይባልም።

ይህ ማሳ ላይ ምን ይሠራል?

ዘር ድንች የሚያከማች ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ስሙን ባይለውም። ጨለማ ጎተራ የከረመ ድንች ነጭ፣ ረዥም፣ ሲነኩት የሚረግፍ ጉንቁል ያወጣል። ብርሃን በሚያስገባ፣ ፀሐይ ግን በማይመታው በረት መሰል መጋዘን በስስ የተዘረጋው ደግሞ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ጉንቁል ይይዛል፤ ሲተከልም አይሰበርም። ያው የጫማ ካርቶናችን ነው። አረንጓዴ የሆነው ድንች ግን ለዘር ብቻ ይሁን። ከአረንጓዴነቱ ጋር የሚመረውና የሚጎዳው ሶላኒን ይጨምራል፤ ወጥ ውስጥ እንዳይገባ።

ችግኝ ስታፈሉ ጥላው ከምን እንደተሠራ እዩ። ባሕር ዛፍ ሥር ወይም ሙዝ ሥር የተሠራ መደብ ሩቅ ቀይ ይበዛበታል፤ ችግኙ ቀጭንና ረዥም ይሆናል፣ ሜዳ ሲወጣ ይወድቃል። የሣር ዳስ ወይም የደረቀ አገዳ ጥላ ሙቀቱን ይቀንሳል እንጂ ቀለሙን እንደ ለምለም ቅጠል አያዛባም። እኔ ብመርጥ ይህን ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተዘራ መደብም ልክ እንደዚያው ነው። ከጎረቤቱ ቅጠል የሚያንጸባርቀው ሩቅ ቀይ ለእያንዳንዱ ችግኝ "ሩጥ" ይለዋል። ስለዚህ ችግኙን ማሳሳት ያለባችሁ ቶሎ፣ ቅጠል ለቅጠል ሳይነካካ ነው።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ የምታፈሉ ደግሞ መደቡን በሣር ትሸፍናላችሁ። እርጥበቱን ይይዛል፣ ጥሩ ነው። ግን ከአፈር አንገቱን ያወጣው ቡቃያ ሣሩ ሥር ገና ጨለማ ውስጥ ነኝ ብሎ መርዘሙን ይቀጥላል። ሁለት ሦስት ቀን ከዘገያችሁ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ከዚያ በኋላ የረዘመውን የሚያሳጥር ብርሃን የለም። ጠዋት ጠዋት ሣሩን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ግማሽ ያህሉ የጎበጠ አንገቱን ማሳየት ሲጀምር ሣሩን አንሱት። ስታነሱትም ፀሐይ በረድ ሲል፣ ወደ ማምሻው 11 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ገርጣው ቅጠል የመጀመሪያውን ብርሃን ሳይቃጠል እንዲያገኘው።